የታላቋ ዘፋኝ የኡም ኩልሱም የሕይወት ታሪክ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ ለወጣት ሰው ጠቃሚ መሆኑን ከመምህሮቻችን ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ሆኖም ታላቅ ሰው ሲባል ወዲያው በሐሳባችን የሚመጣው ንጉሥ፥ የጦር አዛዥ፥ ወይም አዲስ ነገር የፈለሰፈ ሊቅ ነው። ዘፋኝን ከእነዚህ ጋር አስተካክሎ የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነው። እንዲያውም በአገራችን አዝማሪ የሚለው ስም ለረጅም ዘመን እንደ ስድብ ሲነገር ኖሯል። በሠርግና በድግስ አዝማሪውን ሰምቶ የተደሰተው ሰው፥ የገዛ ልጁ ማሲንቆ ሲያነሣ ቢያይ ይቆጣ ነበር። እኛም የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ወደፊት ሥራችን ስንነጋገር፥ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እሆናለሁ የሚል ብዙ ተገኘ፤ ዘፋኝ እሆናለሁ ብሎ የደፈረ ግን አልተገኘም። ይህ የሆነው ድምፀ መልካም ልጆች ከመካከላችን ስለ ጠፉ አይደለም። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔታችን ላይ የአንዲት ዘፋኝን ታሪክ ለአንባቢ ለማቅረብ መረጥን።

ይህች ሴት የግብጿ ኡም ኩልሱም ናት። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ኡም ኩልሱም የተወለደችው በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ግድም ነው። የትውልድ መንደሯ ታማይ አል ዛሃይራ ትባላለች፤ የናይል ወንዝ ወደ ባሕር ከመግባቱ አስቀድሞ ተከፋፍሎ በሚፈስበት ለም ምድር፥ በደቀህሊያ አውራጃ ትገኛለች። አባቷ ሼህ ኢብራሂም የመንደሩ መስጊድ ኢማም ነበሩ። ከመስጊድ የሚያገኙት ገቢ ቤተ ሰብ ለማስተዳደር ስለማይበቃ፥ በሠርግና በበዓል ቀን እየተጠሩ፥ በአገራችን መንዙማ ከምንለው ጋር የሚመሳሰል የሃይማኖት ዜማ በማዜም ጥቂት ገንዘብ ይጨምሩ ነበር። ለሴት ልጃቸው ያወጡላት ስምም የነቢዩ መሐመድ ልጅ ስም ነው።

ሼህ ኢብራሂም ይህን ዜማ ያስተምሩ የነበረው ለወንድ ልጃቸው ለኻሊድ ነው። ለሴት ልጅ ማስተማር በሐሳባቸውም አልነበረም። ልጅቱ ግን ወንድሟ ሲማር እየሰማች ትምህርቱን በሙሉ በቃሏ ያዘችው። አባቷም ስታዜም በሰሟት ጊዜ በድምፅዋ ጉልበት እጅግ ተደነቁ፤ ከዚያም ወዲያ ከወንድሟ ጋር አብራ እንድትማር ፈቀዱላት። እንግዲህ ያ ዕውቀት ለሌላ ሰው ተብሎ የተዘረጋ ማዕድ ነበር፤ እሷ ግን ሳትጠራ ቀርባ ድርሻዋን አነሣች ለማለት ይቻላል።

ከዚህም በላይ በመንደሩ የቁርዓን ትምህርት ቤት ገብታ ማንበብ ተማረች። ቁርዓን የሚነበበው እንደ ተራ መጽሐፍ አይደለም። እያንዳንዱ ፊደል ከየትኛው የአፍ ክፍል እንደሚወጣ፥ የቱ እንደሚረዝምና የቱ እንደሚያጥር፥ አንባቢው የት ላይ መተንፈስ እንደሚገባው የታወቀ ሕግ አለው። በአገራችን የዜማ ቤት ተማሪ በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ቃሉንና ዜማውን አንድ አድርጎ እንዴት እንደሚያጠና የሚያውቅ ሰው፥ ይህ ትምህርት ለልጅ ምን ያህል ብርቱ መሠረት እንደሚሆን አይጠፋውም። ኡም ኩልሱም ከታወቀች በኋላ የግብጽ ሰዎች የዘፈኗ ቃል ጠርቶ የሚሰማበትን ምክንያት ሲናገሩ፥ ቁርዓን አንብባ ያደገች ስለ ሆነች ነው ይሉ ነበር።

ልጅቱ ከአባቷና ከወንድሟ ጋር ሆና በእግር፥ በአህያና በባቡር ከመንደር ወደ መንደር እየዞረች ማዜም ጀመረች። ዝናዋም ቶሎ ተሰማ። ሆኖም አንድ ትልቅ ችግር ነበረ፤ ይኸውም ሴት ልጅ በማያውቋት ወንዶች ፊት ቆማ ማዜሟ በዚያ አገር እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። አባቷም የቤተ ሰባቸው ክብር እንዳይጎድል ስለ ሠጉ፥ እንደ በደዊ ወንድ ልጅ ካፖርት አልብሰውና ራሷን በሻሽ አስጠቅልለው በሰው ፊት ያቀርቧት ነበር። ልብስ ቢለወጥም ድምፅ ስለማይለወጥ፥ የዚያ ልጅ ድምፅ የሴት መሆኑን ሰሚው ሁሉ ያውቅ ነበር። ነገር ግን አባትየው በከንቱ ፈሩ ብለን ልንፈርድባቸው አይገባም። በዚያን ዘመን ዘፋኝ የሚሠራው መጠጥና ጭፈራ ባለበት ሥፍራ ሲሆን፥ ለሴት ልጅ ጥበቃ የሚያደርግላት ሕግም ሆነ ማኅበር አልነበረም። ሼህ ኢብራሂም ሁለት ነገር በአንድነት ይዘው ነበር። የልጃቸው ስጦታ እንዲባክን አልፈለጉም፤ ልጃቸውም እንድትዋረድ አልፈለጉም።

በዚያን ጊዜ አቡል ዒላ መሐመድ የተባሉ የታወቁ ዘፋኝ ነበሩ። እሳቸው ድምፅዋን ሰምተው ወደ ካይሮ ሄዳ እንድትማር መከሯት። በ1923 ግድም ቤተ ሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ካይሮ መጣ። ከተማይቱ ግን ወዲያው እጇን ዘርግታ አልተቀበለቻትም። በዚያን ጊዜ በካይሮ ቴአትሮች ስመ ጥር የነበሩት እንደ ሙኒራ አል ማህዲያ ያሉ ዘፋኞች ነበሩ። ይህች ከገጠር የመጣች ልጅ ግን ድምፅዋ ብርቱ ቢሆንም አነጋገሯም አለባበሷም የባላገር ነው እየተባለች ትነቀፍ ነበር። ያጀቧት የነበሩትም መሣሪያ ሳይዙ በድምፅ ብቻ የሚቀበሏት አባቷ፥ ወንድሟና ዘመዶቿ ነበሩ።

ኡም ኩልሱም ለዚህ ነቀፌታ የሰጠችው መልስ ትምህርት ነው። ከአቡል ዒላ መሐመድ የጥንቱን የዐረብ ቅኔ አዘፋፈን አጠናች። ዑድ የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ መምታት ተማረች። አሕመድ ራሚ የተባለው ባለ ቅኔ በፓሪስ የፋርስን ቋንቋ አጥንቶ በ1924 ወደ አገሩ ተመልሶ በግብጽ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይሠራ ነበር። እሱም መጻሕፍት እያመጣላት ሥነ ጽሑፍን አስተማራት፤ የግጥምን ትርጉም እንድታስተውል አደረጋት። በሕይወቱም ዘመን ከመቶ የሚበልጡ የዘፈን ግጥሞችን ጽፎላታል። እንግዲህ የገጠሯ ልጅ የከተማ ሴቶችን አካሄድና አለባበስ ከማጥናቷ ጋር፥ ብዙዎቹ የከተማ ዘፋኞች ያልደረሱበትን ቅኔ አጠናች ማለት ነው።

በ1926 ትልቅ ለውጥ አደረገች። የቤተ ሰቧን አጃቢዎች ትታ በካይሮ ከነበሩት ባለ መሣሪያዎች የተመረጡትን ቀጠረች። ከእነዚህም መካከል ዑድ መቺውና የዜማ ደራሲው መሐመድ አል ቃሰብጊ ይገኝ ነበር። የወንድ ልጅ ካፖርቷንም ትታ እንደ አንዲት የተከበረች የከተማ እመቤት ለብሳ መድረክ ላይ ቆመች። አባቷና ወንድሟ ከመድረኩ ቢወርዱም ከሕይወቷ አልወጡም። ይህን ውሳኔ ስናስብ ቀላል እንዳልነበረ እንረዳለን፤ በመንደሩ መንገድ አብረዋት የተንከራተቱትን ሰዎች፥ አሁን ከእናንተ የበለጠ ባለሙያ አስፈልጎኛል ብሎ ማሰናበት ለልጅ ከባድ ነገር ነውና። ነገር ግን ሥራዋን ከስሜቷ አስቀደመች።

ከዚህ በኋላ ዝናዋ በየዓመቱ እያደገ ሄደ። በ1928 ያስቀረጸችው አንድ የሸክላ ዘፈን ገበያ ላይ እጅግ ተሸጠ። ገንዘብ ማግኘት ስትጀምርም ሀብቷን ለሰው አሳልፋ አልሰጠችም። ከሸክላ ነጋዴዎችና ከቴአትር ባለቤቶች ጋር የምትዋዋለውን ራሷ ትመረምር ነበር። ጥቂት ቆይታም አዳራሹን ራሷ እየተከራየች፥ የዝግጅቱ ባለቤት ራሷ ሆነች። ቀጥሎም ከ1936 እስከ 1947 ድረስ በስድስት የሲኒማ ፊልሞች ሠርታለች።

በግንቦት ወር 1934 የግብጽ ራዲዮ ሥራውን ሲጀምር ከዘፈኑት ሰዎች አንዷ እሷ ነበረች። ለአንዲት ዘፋኝ የራዲዮ መምጣት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያስብ። የቴአትር ትኬት ለመግዛት አቅም የሌለው ገበሬ፥ ጋዜጣ ማንበብ የማይችል የቀን ሠራተኛ፥ ከቤቷ የማትወጣ እመቤት፥ ሁሉም በአንድ ሌሊት አንዱን ዘፈን መስማት ቻሉ። በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ማታ የምታቀርበው ዝግጅት በራዲዮ ይተላለፍ ስለ ጀመረ፥ ሐሙስ የእሷ ቀን ሆነ። ይህም ልማድ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዘለቀ። የካይሮ ራዲዮ ጉልበት በ1950ዎቹ ከፍ ባለ ጊዜ፥ ከሞሮኮ እስከ ኢራቅ ያሉ ከተሞች በዚያች ሌሊት ጸጥ ይሉ ነበር፤ ሰዎች በቡና ቤትና በየቤታቸው በራዲዮ ዙሪያ ይሰበሰቡ ነበርና።

የዝግጅቱ ሥርዓት ከለመድነው የተለየ ስለ ሆነ ጥቂት ልንገልጸው ይገባል። በአንድ ሌሊት የምትዘፍነው ሁለት ወይም ሦስት ዘፈን ብቻ ሲሆን፥ ይህ ግን ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በመጀመሪያ ባለ መሣሪያዎቹ ረዥም መግቢያ ይጫወታሉ። እሷ በዚያን ጊዜ በወንበር ተቀምጣ ታዳምጣለች። ከዚያም መሐረቧን በእጇ ይዛ ትነሣና ትጀምራለች። አንዱን የግጥም መሥመር ደጋግማ ትዘፍነዋለች፤ ዳሩ ግን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጋ አትዘፍነውም። አንድ ጊዜ ቃሉን ታስረዝማለች፥ አንድ ጊዜ ታሳጥራለች፥ አንድ ጊዜ ዜማውን ወደ ሌላ ቅኝት ወስዳ መልሳ ታመጣዋለች። ሕዝቡም በጩኸትና በልመና እንድትደግመው ያስገድዳታል። ዐረቦች ይህን በዘፋኝና በሰሚ መካከል የሚፈጠር የልብ መመሰጥ ጠረብ ይሉታል። ስለዚህ የዘፈኑ ርዝመት የሚወሰነው በደራሲው ብቻ ሳይሆን በሰሚውም ነበር። ይህ ሁሉ የደረሰውን ያህል የሚነገር ቢመስልም፥ ከበስተኋላው ብዙ የልምምድ ቀን ነበረ። ባለ መሣሪያዎቿ አዲሱን ዜማ በቃላቸው እስኪይዙት ድረስ ደጋግመው ያጠኑ ነበር፤ ወዴት እንደምትሄድ ባያውቁም እንኳ ሊከተሏት የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ታላቅ ሰው ስንጽፍ መልካሙን ብቻ ብንናገር ታሪካችን ጎደሎ ይሆናል። ኡም ኩልሱም በሥራ ላይ ብርቱ ነበረች፤ ለደራሲዎችም ቀላል ሴት አልነበረችም። ዘከሪያ አሕመድ እጅግ ተወዳጅ የሆኑ ዘፈኖችን የደረሰላት ሰው ነበር። ነገር ግን ለዜማዎቹ ስለሚገባው ክፍያ ተጣልተው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ብዙ ዓመትም ሳይሠሩ ተለያዩ። በመጨረሻ በ1960 ታረቁና አንድ አዲስ ዘፈን ደረሰላት። እሱም በ1961 ሞተ። በጠባቸው ምክንያት ሳይደረሱ የቀሩትን ዘፈኖች ማንም ሊቆጥራቸው አይችልም። አል ቃሰብጊ ደግሞ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ለእሷ ዜማ መድረሱን ቢተውም፥ በ1966 እስኪሞት ድረስ ዑዱን ይዞ ከኋላዋ ይቀመጥ ነበር። በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የዜማ ደራሲዎች አንዱ የሌላውን ደራሲ ዜማ እየመታ ብዙ ዓመት መኖሩ፥ የትሕትና ምልክት ይሁን የኀዘን፥ ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን።

ፈተና በራሷም ላይ ደርሷል። በ1947 እናቷ ሞተችባት። በዚያው ዘመን የእንቅርት ዕጢ በሽታ ያዛት። ለዚህ በሽታ የሚደረገው ቀዶ ጥገና በጉሮሮ ላይ ስለ ሆነ፥ ዳነች ቢባል እንኳ ድምፅዋ ይጠፋ ይሆናል የሚል ሥጋት ነበረባት። በአሜሪካ ታክማ ተመለሰች። በሽታው ዓይኗን ስለ ጎዳው ጥቁር መነጽር ማድረግ ጀመረች፤ ያ መነጽር ከመሐረቧ ጋር የመልኳ ምልክት ሆኖ ቀረ። በ1954 ሐሰን አል ሐፍናዊ ከተባለ ሐኪም ጋር ተጋባች።

ክብሯም ከዝናዋ ጋር አደገ። በ1944 ንጉሥ ፋሩቅ ከፍተኛ የክብር ኒሻን ሰጧት። በ1940ዎቹም የሙዚቀኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች፤ ብዙዎቹ የማኅበሩ አባሎች ወንዶች ሲሆኑ በሴት መመራታቸው በዚያን ዘመን አዲስ ነገር ነበር። በ1952 የንጉሡ መንግሥት ሲወድቅ፥ በንጉሥ እጅ የተሸለመ ሰው ሁሉ በአዲሶቹ ባለ ሥልጣኖች ዘንድ መጠርጠሩ አይቀርም ነበር። የእሷ ዝና ግን አልጠፋም፤ ፕሬዚዳንት ጋማል አብደል ናስርም ከአድናቂዎቿ አንዱ ነበሩ። በ1956 በስዌዝ ጦርነት ጊዜ የዘፈነችው የጦር መዝሙር ዜማ፥ በኋላ እስከ 1979 ድረስ የግብጽ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ አገልግሏል። በ1964 ደግሞ ለብዙ ዓመት ተፎካካሪዋ ተደርጎ ይታይ የነበረው መሐመድ አብደል ወሃብ «ኢንታ ዑምሪ» የተባለውን ዘፈን ደረሰላት። ሁለቱ አብረው መሥራታቸው በመላው ዐረብ አገር እንደ ትልቅ ወሬ ተነገረ።

በሰኔ 1967 ግብጽ በስድስት ቀን ጦርነት ተሸነፈች፥ የሲና በረሃንም አጣች። በዚያ የሐዘን ወራት አንዳንድ ጸሐፊዎች፥ ሕዝቡ በሐሙስ ሌሊት ዘፈን እየደነዘዘ ሥራውን ረሳ በማለት ኡም ኩልሱምን ወቀሷት። ይህ ለዘፋኝ ከሚሰነዘር ወቀሳ ሁሉ የከፋ ነው፤ ድምፅሽ አያምርም ከማለት ይልቅ፥ ድምፅሽ ስላማረ ጎዳን ማለት ነውና። ዕድሜዋ በዚያን ጊዜ ከስድሳ ዓመት ያለፈ፥ ሀብቷና ክብሯ የተሟላ ነበር። በቤቷ ብትቀመጥ የሚፈርድባት አልነበረም። እሷ ግን በግብጽ አውራጃዎች እየዞረች፥ ቀጥሎም ወደ ውጭ አገር እየሄደች በመዝፈን የተገኘውን ገንዘብ ለአገሯ መንግሥት መስጠት ጀመረች። በኅዳር ወር 1967 በፓሪስ በኦሎምፒያ አዳራሽ ዘፈነች። ከዚያም በቱኒዚያ፥ በሞሮኮ፥ በሊባኖስ፥ በሱዳን፥ በኩዌትና በሊቢያ እየተዘዋወረች ዘፈነች። ዘፈን ሕዝብን ያደነዝዛል ላሏት ሰዎች በጽሑፍ ከመከራከር ይልቅ፥ ዘፈን ለሕዝብ ምን ሊሠራ እንደሚችል በሥራ አሳየች።

ኡም ኩልሱም የካቲት 3 ቀን 1975 በካይሮ ዐረፈች። በቀብሯ ቀን የወጣው ሕዝብ በሚሊዮን የሚቆጠር እንደ ነበረ ይገመታል። መንግሥት ያዘጋጀው ሥርዓት ሊከበር አልቻለም፤ ሕዝቡ አስከሬኗን ከተሸካሚዎቹ ተቀብሎ፥ ከትከሻ ወደ ትከሻ እያሳለፈ በከተማው መንገድ ወደ ሑሴን መስጊድ ወሰደው። ወንድ ልጅ መስላ በሰው ፊት እንድትቀርብ ያስገደዳት ያው የሕዝብ ዓይን፥ በመጨረሻ እያለቀሰ የሸኛት ራሱ ነበር።

በ2001 በካይሮ በሮዳ ደሴት ጫፍ ላይ መታሰቢያዋ የሆነ ቤተ መዘክር ተከፈተ። ልብሶቿ፥ ኒሻኖቿ፥ ጥቁር መነጽሯና መሐረቧ በዚያ ተቀምጠዋል። ከቤተ መዘክሩ አጠገብ በቀድሞ ዘመን የናይል ሙላት ይለካበት የነበረው የድንጋይ ዓምድ ይገኛል። በዚያ ዓምድ ላይ በየክረምቱ ከፍ ይል የነበረው ውኃ አብዛኛው ከእኛ ተራሮች የወረደ መሆኑን በጂኦግራፊ ተምረናል። የልጅነት መንደሯን ምድር ለም ያደረገውም ይኸው ውኃና ያመጣው አፈር ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ድምፅ ያለው ሁሉ ትምህርቱን ትቶ ወደ መድረክ ይሩጥ ማለታችን አይደለም። የኡም ኩልሱም ሕይወት የሚያሳየን ተቃራኒውን ነው። ድምፅዋን በተፈጥሮ አገኘችው፤ ነገር ግን የቃል አነባበብን በሕፃንነቷ፥ ቅኔንና መሣሪያን በወጣትነቷ፥ ውል መዋዋልንና ገንዘብ አያያዝን በጎልማሳነቷ ተማረች። አባቷ የፈሩት ውርደት ያልደረሰባት ዕድል ስለ ረዳት ብቻ አይደለም። የምትዘፍንበትን ቦታ፥ የምትዘፍነውን ቃልና አብረዋት የሚሠሩትን ሰዎች ራሷ በጥንቃቄ ስለ መረጠች ነው። የሙያው ክብር የሚመጣው ከሙያው ስም ሳይሆን ከሠራተኛው አያያዝ ነው ብለን እናምናለን። አንድ ሐኪም ሰነፍ ቢሆን ሕክምና አያስከብረውም፤ አንዲት ዘፋኝ ትጉህ ብትሆን ግን ዘፋኝነት አያዋርዳትም።

ዛሬ በአዲስ አበባ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። ከእኛ መካከል አንዱ ወይም አንዲቱ ወደዚያ ለመግባት ብታስብ፥ ወላጆቻችን እንደ ሼህ ኢብራሂም ቢሠጉ አንፈርድባቸውም፤ ሥጋታቸው የፍቅር ነውና። ነገር ግን እንደ ሼህ ኢብራሂም ደግሞ ቆም ብለው ያዳምጡ ዘንድ እንለምናቸዋለን። ያ የመንደር ኢማም ሴት ልጃቸውን ዝም በይ ብለው ቢሆን ኖሮ፥ ማንም ሰው ባልነቀፋቸው ነበር፤ ምን እንደ ጠፋም የሚያውቅ ባልኖረ ነበር።